በአንድ ዜማ ሰበብ ለራሴ ለቅሶ ደረስኩ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁና ይቅለለኝ። ውሻ እፈራለሁ፤ መብረቅ እፈራለሁ፤ ባጃጅ ሲታጠፍ እፈራለሁ። ሐኪም «ምንም የለብሽም» ያለኝ ቀን ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ምንም ከሌለብኝ ለምን እንደዚያ አስተውሎ አየኝ? ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አንቺ እኮ የሚያስፈራ ነገር ስታጪ፣ የት ሄዶ ነው ብለሽ ትፈሪያለሽ» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። እሱ ከሞተ በኋላ የሱንም ድርሻ ደርቤ እፈራለሁ።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ድንች ነው። እንጅባራ መናኸሪያ በር ላይ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እሸጣለሁ። እስካሁን ከተማውን ቆሰበር ብለው የሚጠሩት ሽማግሌዎች ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ የሚፈልጉት እኔን ነው። ብርዱን የመጣ ያውቀዋል፤ በክረምት ጉሙ ከመሬት ሳይነሳ ይመሻል። የኔ ድንች ባይኖር ግማሹ መንገደኛ ጫግኒ ሳይደርስ በረዶ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ታዲያ ይቺ ድንች ሻጭ ስለ ሙዚቃ፣ ያውም ስለ ጌም ሙዚቃ ምን ቤት ናት ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር።

መቅደስ አንድያ ልጄ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ዳንግላ ያለው ታላቅ ወንድሜ ገበየሁ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛላት። ለጥናት ተብሎ ነው። ጥናቱም አልቀረም፤ ግን ከጥናቱ ጀርባ ጌም ተቀምጦ ኖሯል። እሷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች፤ እኔ ከእግሯ ሥር በርጩማ ላይ ሆኜ የነገውን ድንች እመርጣለሁ፣ የበሰበሰውን በቢላዋ እጠርባለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላስበው ጌም አየሁ።

ጌሙ አንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ አሥራ ምናምን ደርሷል። የመጀመሪያው የተሠራው እሷ ሳትወለድ፣ እኔም ሳላገባ ነው አለችኝ። በየክፍሉ ሰዎቹ ይለወጣሉ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ አራት ሆነው እንደ ገበያተኛ ተከታትለው ይሄዳሉ። እጃቸው ላይ ከቁመታቸው የሚበልጥ ጎራዴ። ሰው ቤት ሲደርሱ «ቤቶች» አይሉም። ሰተት ብለው ይገቡና እንስራውን ይከፍታሉ፣ ሣጥኑን ይበረብራሉ፣ ያገኙትን ይዘው ይወጣሉ። የቤቱ እመቤት ቆማ እያየቻቸው ስለ አየሩ ታወራቸዋለች።

«ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷት ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ጌም እኮ ነው፣ እማ።»

«ጌምስ ቢሆን፣ ጎረቤት የላትም? አንድ ሰው አይጮህላትም?»

ሲደክማቸው እንግዳ ማረፊያ ገብተው አንድ ሌሊት ይተኛሉ። ጠዋት ሲነሱ ቁስሉም የለ፣ ስብራቱም የለ። እኔ አንድ ሌሊት ተኝቼ ስነሳ ትላንት ያልነበረ ሕመም ጨምሬ ነው።

ሙዚቃው ግን፣ ሙዚቃው ሌላ ነገር ነው። ለየቦታው የራሱ ዜማ አለው። መርከብ ላይ ሲወጡ አንድ አለ፤ እኔ ባሕር በዓይኔ አላየሁም፣ ግን ያን ስሰማ በርጩማዬ ስር ውኃ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። በረዶ አገር ሲገቡ ሌላ አለ፤ ጣት የሚያቀዘቅዝ፣ ጥርት ያለ፣ እንደ ደወል ያለ። ያን ስሰማ ጋቢዬን እደርባለሁ፤ መቅደስ ትስቅብኛለች። የእሷ ምርጫ የውጊያው ነው። እኔ የውጊያውን አልወድም። ሰዎቹ ለምለም ሣር ላይ በሰላም እየሄዱ ሳለ ድንገት ድው! ብሎ ይነሳል። የመጀመሪያው ቀን ቢላዋውንም ድንቹንም ወርውሬ «በስመ አብ!» ብዬ ከአልጋው ስር ገባሁ። ድንቹ በሦስተኛው ቀን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተገኘ።

የኔ ምርጫ የመንደሩ ዜማ ነው። አራቱ ሰዎች ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት የሚኖሩበት አንድ ትንሽ መንደር አለ፤ ከክፍል ክፍል ስሙ ቢለወጥም መንደር አይጠፋም። እዚያ ሲገቡ አንድ ዋሽንት የመሰለ ነገር ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ከኋላው ክራር የመሰለ ነገር ጠብ ጠብ ይላል፤ ከዝናብ በኋላ ከጣሪያ ጫፍ እንደሚወርደው። ቃል የለውም። ቃል ስለሌለው ደግሞ የፈለግሁትን ይለኛል። እናቴ በአዊኛ እሹሩሩ የምትለኝ ይመስለኛል፤ ባሌ ከገበያ ሲመለስ ከሩቅ የሚያሰማው ጉሮሮ መጥረግ ይመስለኛል። ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ ጫካ ቢጫ አበባውን ሲያወጣ ጠዋት ጠዋት በጉሙ ውስጥ የሚመጣው ሽታ አለ አይደል? ዜማው እሱን እሱን ይሸተኛል። እና የሚገርማችሁ፣ ያን ዜማ ስሰማ አልፈራም። ያ ሁሉ ፍርሃቴ እንደ በግ ተጠቅልሎ ይተኛል።

ከዚያ መቅደስ ፈተና አለፈችና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደረሳት።

ሰው እልል አለ። እኔም አልኩ። እልልታዬ ከአፌ ሳይወጣ ግን መፍራት ጀመርኩ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ኔትወርኩም እንደዚያው። ልጄ እዚያ ብትታመምስ? ብትራብስ? ሚኒባሱ ቢገለበጥስ? ቄሱን «አባቴ፣ ልጄ ትመለስልኝ ብሎ መጸለይ ኃጢአት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሳትሄድ?» አሉኝ። ለማንኛውም ጸለይኩ።

የምትሄድ ለት አሮጌ ስልኳን ሰጠችኝ። «የኔ ጥሪ ሲሆን ብቻ እንዲጮህ የመንደሩን ዜማ አድርጌልሻለሁ። እሱን ስትሰሚ እኔ ነኝ» አለችኝ።

ጥፋቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የደወለች ቀን ስልኩ ከሚጥሚጣው ዕቃ ጎን ተቀምጦ ነበር። ዋሽንቱ ቀስ ብሎ ጀመረ። እጄን ሰደድኩ፤ ልጄ ናታ! ግን ልክ ሳነሳው ዜማው ቀጥ አለ። ልጄን አገኘኋት፣ ዜማውን አጣሁት። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ዘገየሁ፤ ክራሩ እስኪገባ ብቻ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ትንሽ ዘገየሁ። ሳምንት ሳይሞላ የመጀመሪያውን ጥሪ ሙሉውን አዳምጬ ሁለተኛውን ማንሳት ለመደብኝ። «ምነው እማ፣ ሁልጊዜ በሁለተኛው?» ስትለኝ «እጄ ድንች ይዞ ነበር» እላለሁ። በዚህ ዕድሜዬ በድንች መዋሸት ጀመርኩ።

ይቅር በሉኝና፣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስልኩ ዜማውን አይጨርሰውም። ሊያምር ሲል፣ ዋሽንቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንድ ነገር ሊናገር ሲል፣ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ምን ሊል እንደነበር ሳላውቅ እቀራለሁ። የሚቀጥለውን ቀን እጠብቃለሁ። እንደገና እዚያው ላይ ይቋረጣል።

አንድ ቅዳሜ ቀን ራሴን ትንሽ ወጋ አድርጎኝ በሻሽ አስሬ ተነሳሁ። ድንች አልቆብኝ ስለነበር በዘንገና ሐይቅ በኩል ካለ ገበሬ ልገዛ ወጣሁ። ጎረቤቴ የሺ ከበር ላይ አየችኝ። «ምነው ሻሹ?» አለችኝ። «ራሴን ነው፤ ይተወኛል» አልኳትና ሄድኩ። የት እንደምሄድ አልነገርኳትም፤ ድንቹ በስንት እንደሚገኝ ካወቀች ለሌሎቹ ድንች ሻጮች ትናገራለች ብዬ ነው። ክፋቴን ሳልደብቅ መናገሬ ነው።

ድንቹን ገዛሁ። ገበሬው በጋሪ እስኪያመጣልኝ ድረስ ጠብቂ ሲለኝ ወደ ሐይቁ ጠርዝ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ዘንገናን ያላየ ሰው፣ መሬት ዓይኗን ገልጣ ሰማይ ሰማይ ስታይ ያስባት። ነፋስ የለም። ጉሙ ውኃው ላይ ተኝቶ፣ ከዳር ዳር እየተነሳ እንደገና ይተኛል። ራሴን ተወኝ። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ዋሽንቱ ቀስ ብሎ ጀመረ።

ቤት ውስጥ የሚሰማውና እዚያ የሚሰማው አንድ አይደለም። ድምፁ ከእጄ ወጥቶ ውኃው ላይ ተራመደ፤ ማዶ ካለው ዛፍ ደርሶ ቀስ ብሎ ተመለሰ። በጉሙ ውስጥ ያ ትንሽ መንደር ታየኝ፤ ጣሪያው፣ ድልድዩ፣ መብራት የሚለኮስበት መስኮት። አራቱ ሰዎች በሰልፍ ሲሄዱ ታዩኝ። ከኋላ አምስተኛ ሆኜ እኔ ነበርኩ፣ ድንች ተሸክሜ። ማንም «አንቺ ማን ነሽ?» አላለኝም። ዜማው እዚያው በለመደው ቦታ ተቋረጠ።

በሁለተኛው አነሳለሁ አልኩ። ሁለተኛው መጣ። ሐይቁ ግን እንዲያ ሆኖ ማን ያነሳል? በሦስተኛው አልኩ። በአራተኛው አልኩ። በስድስተኛው ላይ አንድ ነጭ ወፍ ከዳር ተነስታ ከዜማው ጋር እኩል በረረች፤ እንባዬ መጣ። በሰባተኛው በእርግጥ ላነሳ እጄን ስሰድ ስልኩ ጢጥ አለና ባትሪው አለቀ።

«ማታ እደውልላታለሁ» አልኩና ጋቢዬን ተከናንቤ እዚያው ሸለብ አደረገኝ። ጋሪው ዘገየ። እኔም አልቸኮልኩ። ፈሪዋ ሴትዮ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ባልፈራ፣ የዚያን ቀን መከራ ከተማ ሙሉ ተነሳ።

የሆነውን ቆይቼ ነው የሰማሁት። መቅደስ ስድስት ጊዜ ደውላ ሳላነሳ ስቀር፣ በሰባተኛው ስልኩ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ለየሺ ደወለች። የሺ ውሸት የማታውቅ ሴት ናት፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ደግሞ አደገኛ ነው።

«እትዬ የሺ፣ እማ ስልክ አታነሳም። ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እስቲ ያቅርቡልኝ።»

«አሁን እዚህ የለችም።»

«የት ሄደች?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ጠዋት ትንሽ አሟት ነበር። አሁን ግን ደህና ናት። አይዞሽ። ከቻልሽ ብቅ ብለሽ እያት።»

አንዱም ውሸት አይደለም። ግን እዚህ አገር መርዶ በስልክ እንደማይነገር እናንተም ታውቃላችሁ። መርዶ ሰው ይዞ፣ በማለዳ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። በስልክ የሚነገረው «ትንሽ አሞታል» ነው። «ትንሽ አሞታል» ማለት ሞቷል ማለት ነው። «በጣም አሞታል» ማለት ተቀብሯል ማለት ነው። «ደህና ነው» ተብሎ «አይዞሽ» ከተከተለበት ደግሞ ንፍሮውም ተበልቶ አልቋል። ልጄ የዚህ አገር ልጅ ናትና ገባት። ስልኩን ጣለችው አሉ።

ከጓደኞቿ አንዷ አንስታ ለወንድሜ ለገበየሁ ደወለችለት። ገበየሁ ደግሞ ለየሺ ደወለ።

«የሺ፣ እኔ ወንድ ነኝ። እውነቱን ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ።»

«ኧረ ጋሼ ገበየሁ፣ ደህና ናት አልኩ እኮ!»

«በቃ፣ ገባኝ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ ለዕድራችን ዳኛ ለአያ ሙላቱ ደወለ። አያ ሙላቱ ቤቴ ድረስ መጥተው በሩ መቆለፉን አዩ። «አስከሬኑ ሐኪም ቤት ነው» አለ አንዱ። «ወደ ባሕር ዳር ሊወስዷት ሲሉ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው» አለች ሌላዋ፤ ያየች ይመስል። ጥሩምባ ተነፋ። ድንኳን መጣ። የሺ ጥሩምባውን ሰምታ ወጥታ «ማን ሞተ?» ብላ ጠየቀች። ስሜን ሲነግሯት «ጠዋት እኮ አይቻት ነበር! ሻሽ አስራ!» ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የተጠራጠረ ሰው አልተገኘም።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም እኔ በጋሪ ላይ ከድንቼ ጋር ተቀምጬ፣ ዜማውን በአፍንጫዬ እያንጎራጎርኩ ሰፈራችን ደረስኩ። ጋሪ ነጂው ፈረሱን ያዝ አደረገና «እዚህ ለቅሶ አለ መሰለኝ» አለ።

ቀና ብዬ አየሁ። ድንኳኑ ያለው የኔ በር ላይ ነው።

እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። በዚያ ቤት የምንኖረው ሁለት ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ጋሪ ላይ ነኝ። ሌላ ማን ቀረ? ስድስቱ ጥሪ ታወሰኝ። ስድስት ጊዜ ጠርታኝ ነበር። ልጄ እየሞተች ስትጠራኝ እኔ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ወፍ እያየሁ ነበር።

ከጋሪው እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም፤ ወርጄም ይሁን ወድቄ። «መቅደስዬ! የኔ እናት!» እያልኩ ነጠላዬን ጥዬ ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ። አሁን ደግሞ በለቀስተኞቹ ቦታ ሁኑ። የምታለቅሱላት ሴት እየጮኸች ስትመጣባችሁ! ግማሹ አማተበ። ግማሹ በድንኳኑ ጀርባ ወጣ። አንዲት አሮጊት ብቻ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ «ይቺ ደህና ታለቅሳለች፤ የማን ዘመድ ናት?» አሉ።

አያ ሙላቱን በጋቢያቸው ያዝኳቸው። «አያ ሙላቱ፣ ልጄ ምን ሆነች? ንገሩኝ!»

አያ ሙላቱ ቀኝ እጃቸውን አንስተው አማተቡብኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ልጅሽ ደህና ናት» አለችኝ።

ደህና ናት! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እየመጣች ነው» አለች ሌላዋ። «ከገበየሁ ጋር ነው የምትመጣው። አይዞሽ።»

አይዞሽ! በቃ፣ ገበየሁ አስከሬኗን ይዞ እየመጣ ነው። መሬቱን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። አንድ ሰው ደፍሮ ውኃ ረጨብኝ፤ ውኃው ሲነካኝ ደንግጬ ብዘል «መንፈስ አይደለችም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ትፈራለች!» ብሎ ጮኸ። በዚህ መሐል ከዳንግላ በኩል ሚኒባስ መጣ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ገበየሁ ወረደ፣ ጥቁር ለብሶ። ቀጥሎ አንዲት አልቃሽ ወረደች። ቀጥሎ ልጄ ወረደች፤ በእግሯ፣ በገዛ እግሯ፣ አንዱ ጫማዋ ከአንዱ የማይገጥም።

አየችኝ። አየኋት።

ሁለታችንም ልንተዋወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀብን። ከዚያ ተቃቀፍን። ግን ለቅሶ እንደ ጋሪ ነው፤ ቁልቁለት ላይ አይቆምም። እሷ «እማዬ እናቴን!» እያለች እኔን አቅፋ ታለቅስልኛለች፤ እኔ «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ እሷን አቅፌ አለቅስላታለሁ። ሰው ዙሪያችንን ከብቦ ያያል። በመጨረሻ እኒያ ዓይናቸው የማያይ አሮጊት «ሁለቱም ካሉ ታዲያ ማን ነው የሞተው? ንፍሮው ተቀቅሏል እኮ» አሉ።

ሳቅ የጀመረው ከየት እንደሆነ አይታወቅም። ዞሮ ዞሮ ድንኳኑን አዳረሰው። አልቃሿ ብቻ ተቆጣች። ከዳንግላ ጀምሮ ግጥም ስታወጣ መጥታለች። «ከደከምኩበትማ ሳልለው አልሄድም» ብላ ፊቴ ቆማ አወረደችው፦

«ጉም የማያስፈራት፣ ብርድ የማይበግራት፣
የቆሰበር አንበሳ ዛሬ አፈር ተጫናት።»

«አንበሳ?» አለ ገበየሁ። «ይቺ? ይቺ እኮ በግ ሲያነጥስ ቤት የምትገባ ናት!» ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ አንቺ፣ ስልኩን ለምንድን ነው ያላነሳሽው?»

መቅደስም ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። «እጄ ድንች ይዞ ነበር» ልል አፌን ከፈትኩ። ድንቹ እዚያው ጋሪ ላይ ነበር፤ ገና ያልታጠበ። አልቻልኩም። «ዜማው ደስ ብሎኝ ነው» አልኩ። «ሳነሳው ይቋረጣል።»

ገበየሁ መለስ ብሎ ሚኒባሱን አየው፣ ድንኳኑን አየው፣ ጥቁር ልብሱን አየው። «ስድስት ጊዜ?» አለ ቀስ ብሎ። «ስድስት ጊዜ» አልኩት።

መቅደስ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችም። ደረቴ ላይ ተለጥፋ «ሰኞ ፈተና ነበረኝ፤ ተይው። ከእንግዲህ ጥዬሽ አልሄድም። እዚሁ ካንቺ ጋር ድንች እሸጣለሁ» አለችኝ።

አልዋሻችሁም። ልቤ ደስ አለው። ያ ለቄሱ የነገርኳቸው ጸሎት ይኸው ደረሰ፤ በድንኳን በኩል ዞሮ። እጄን ራሷ ላይ አድርጌ «እሺ የኔ ልጅ» አልኩ።

አያ ሙላቱ ከድንጋጤያቸው ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተደላድለዋል። «እስቲ እንስማው» አሉ። «ዕድር ያስጠራውን ዜማ ሳንሰማ ብንበተን ነገ ሰው ሲጠይቀን ምን እንላለን?»

«ጋሼ፣ የጌም ሙዚቃ እኮ ነው» አለች መቅደስ አፍራ።

«የምንም ይሁን። ሰው ገድሏል።»

ስልኳን አወጣችና ድምፁ እንዲጎላ የዕድሩ ብረት ጆግ ውስጥ ከተተችው። ዋሽንቱ ቀስ ብሎ ጀመረ። ንፍሮ የሚቆረጥመው ሁሉ መቆርጠሙን አቆመ። ክራር የመሰለው ነገር ጠብ ጠብ አለ። ውጭ ጉሙ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ የድንኳኑን አፍ ሞላው፤ ሰዎቹም ግማሽ ግማሻቸው ብቻ የሚታዩ ሆኑ። ዋሽንቱ ወደ ላይ ወጣ፤ እዚያ ሁልጊዜ የሚቋረጥበት ቦታ ደረሰ። አልተቋረጠም። አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው፣ እንዴት ልንገራችሁ፣ ዳገት ወጥታችሁ ከማዶ ያለው ሜዳ ድንገት ሲገለጥላችሁ፣ እንደዚያ ነው።

የሺ ማልቀስ ጀመረች። አልቃሿም ተከተለች። ሰዎቹ እንባቸውን ይዘው መጥተው ነበርና፣ በኔ ሳይሆን ሲቀር፣ ለዜማው አወጡት። አያ ሙላቱ ጢማቸውን እየነካኩ «ይኼ የፈረሰኛ መመለሻ ነው» አሉ። እኒያ አሮጊት «አይደለም፤ ሙሽራ ስትሸኝ ነው» አሉ። ሁለቱም ትክክል መሰሉኝ። ዜማው ዞሮ መጀመሪያው ላይ ደረሰና እንደገና ጀመረ። ደግሞ ዞረ። ደግሞ ጀመረ።

«መቅዲ፣ መጨረሻው የቱ ጋ ነው?» አልኳት በጆሮዋ።

«መጨረሻ የለውም፣ እማ። ተጫዋቹ መንደሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ይዞራል፣ ይዞራል።»

«መቼ ነው የሚለወጠው?»

«ከመንደሩ ሲወጣ ነዋ። ያኔ የመንገዱ ይጀምራል፤ ከዚያ የመርከቡ፣ ከዚያ የበረዶው።»

«ባይወጣስ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ባይወጣማ ጌሙ እዚያው ቀረ። ሌላውን ሁሉ ሳይሰማው።»

ያን የመርከብ ዜማ አሰብኩት። በርጩማዬ ስር ሲንቀሳቀስ የነበረውን ውኃ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ልጄ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን ተኝታለች፤ ዜማው ይዞራል፣ ይዞራል። እንደዚያ ሆነን ብንቀር ምን ነበረበት?

እሑድ ጠዋት ቀሰቀስኳት። «ተነሽ፤ መኪና ያመልጥሻል» አልኳት። «አልሄድም ብዬሽ የለም እንዴ?» አለች በእንቅልፍ ልቧ። «እኔ ሞቼ ተነስቻለሁ፤ አንቺ ፈተና ትፈሪያለሽ?» አልኳት። ከፊቴ ላይ የምትፈልገውን ፍርሃት ፈለገችው። ነበረ፤ የትም አልሄደም፤ ግን ፊቴን ወደ ማሰሮው አዞርኩባት።

መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ይዤ ሸኘኋት። በእጇ ትኩስ ድንች በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በመስኮት በኩል ተቀመጠች። ሰው ሞላ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ኋላ ይመለከታል፤ ረዳቱ አንድ ገበሬ ዶሮውን ከላይ ካልጫንኩ ብሎት ሲጨቃጨቅ በሩ ጋ ቆይቷል። ሁልጊዜ መኪና ሲነሳ ሾፌሩን «ቀስ በል ልጄ፣ መታጠፊያው ላይ ቀስ በል» የምለው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ሾፌሩ ያን ሲጠብቅ አየኝ። ልጄም እያየችኝ ነው። የሻንጣዋን እጀታ ይዛለች፤ አንድ ቃል ብናገር ትወርዳለች።

እጄን አንስቼ እንደ ረዳት የሚኒባሱን ጎን በመዳፌ ሁለቴ መታሁት።

«ሳበው!» አልኩ።